ማኅደርና ኀዳሪ ፤ ስለ ጥንቱ የዕንጨትና የቆዳ፥ የጨርቅና የቀለም ሥራ

እግዚአብሔር ሙሴን ወደ ደብረ ሲና ጠርቶ ሕጉን በሰጠው ጊዜ፥ ሕጉ የሚያድርበት ሣጥን እንዴት ሆኖ እንደሚሠራ ጭምር አዘዘው። ርዝመቱ 2 ክንድ ተኩል፥ ወርዱ 1 ክንድ ተኩል፥ ቁመቱም 1 ክንድ ተኩል እንዲሆን፤ ዕንጨቱ ከማይነቅዝ ዕንጨት እንዲመረጥ፤ በውስጥም በውጭም በጥሩ ወርቅ እንዲለበጥ ነገረው። በዚህ ትእዛዝ ውስጥ ከሁሉ አብልጦ ሊታሰብ የሚገባው የውስጡ ልባጥ ነው። ሣጥኑ ከተከደነ በኋላ ውስጡን የሚያይ ዓይን የለምና። ሰው የማያየውን ገጽ ሰው ከሚያየው ገጽ ጋር አስተካክሎ ማስጌጥ ለተመልካች ደስታ የተደረገ አይደለም፤ በውስጡ ለሚያድረው ለሕጉ ክብር የተደረገ ነው እንጂ።

የደብተራ ኦሪት አሠራርም ይህንኑ ያስተምራል። ከውስጥ በኩል የነበረው መጋረጃ በጥሩ በፍታ፥ በሰማያዊ፥ በሐምራዊና በቀይ ፈትል ተሠርቶ የኪሩቤል ሥዕል የተጠለፈበት ነበር። በላዩ የፍየል ጠጕር፥ በዚያም ላይ ቀይ የተነከረ የአውራ በግ ቁርበት፥ ከሁሉም በላይ ሌላ ቁርበት ተደርቦበት ነበር። እንግዲህ ከሩቅ ሆኖ ለሚያየው መንገደኛ ያ ድንኳን የቁርበት ድንኳን ነበር፤ ጌጡ የሚታየው ለአገልግሎት ለገባው ካህን ብቻ ነበር። የሥራው አለቆች ከይሁዳ ነገድ ባስልኤል፥ ከዳን ነገድም ኤልያብ ነበሩ። መጽሐፍም የእግዚአብሔር መንፈስ በነቢያት ላይ እንዳደረ እንደሚናገር ሁሉ፥ ዕንጨት በመጥረብና ወርቅ በማቅለጥ፥ በመሸመንና በመጥለፍ በሚደክመው ባለ እጅ ላይም ያው መንፈስ እንደ መላበት ይናገራል።

በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ያለው የእጅ ሥራ የቆመው በዚህ ሥርዐት ላይ ነው። ገበታው ቆዳ ይለብሳል፤ ሰሌዳው ጀሶ ይለብሳል፤ ግድግዳው ጨርቅ ይለብሳል፤ ጀሶውና ጨርቁ ደግሞ ቀለም ይለብሳሉ። ለበታቹ ልብስ የሆነው ለበላዩ አካል ይሆናል። የግእዝ ቋንቋ ይህን በሁለት ስም ይጠራዋል፤ ማደሪያውን ማኅደር፥ አዳሪውንም ኀዳሪ ይለዋል። የቅኔ መምህራን ለደቀ መዛሙርታቸው ከሚያስተምሩአቸው የምሥጢር መንገዶች አንዱ ውስጠ ወይራ ይባላል፤ ላዩ ሌላ ለብሶ ውስጡ ጽኑ ወይራ እንደ ሆነ በትር ማለት ነው። የጥንቱ ባለ እጅም ቅኔ ቤት ባይገባ በእጁ የሚቀኘው በዚህ መንገድ ነበር። የሚታየው ጌጥ ጸንቶ የሚኖረው በማይታየው ሥራ ኀይል ነውና።

ከመጻሕፍት ቢጀመር ነገሩ በግልጥ ይታያል። ብራና የሚሆነው ብዙውን ጊዜ የፍየል ቆዳ ነው። ቆዳው በውሃ ከቆየ በኋላ በዕንጨት መወጠሪያ ላይ በገመድ ይወጠራል፤ ሥጋውና ስቡ በስለት ይፋቃል፥ ጠጕሩም ይላጫል፥ በሻካራ ድንጋይም ይታሻል። ብራና ዳማጩ በዚህ ሥራ ላይ ጥቂት ቢቸኵል ስቡ በውስጡ ይቀራል፤ ስብ በቀረበት ብራና ላይ ደግሞ ቀለም አይዝም። ጸሐፊው የቱንም ያህል እጀ መልካም ቢሆን የዳማጩን ጉድለት በብዕሩ ሊሞላው አይችልም።

ብራናው ተጽፎ ካለቀ በኋላ ደጓሹ ይረከበዋል። ጥራዞቹን እንደ ሰንሰለት በሚያያዝ ስፌት እርስ በርሳቸው ያጋጥማቸዋል፤ ፈትሉንም በሁለቱ የዕንጨት ገበታዎች ጠርዝ በተበሱት ቀዳዶች እያሳለፈ ያጠብቀዋል። ገበታው ከዋንዛ ወይም ከወይራ ወይም ከሌላ ጽኑ ዕንጨት የተጠረበ ነው። ድሀ ቤተ ክርስቲያን በዚህ ላይ ያቆማል፤ ገበታቸው ራቁቱን ሆኖ ብዙ ዘመን ያገለገሉ መጻሕፍት ብዙዎች ናቸው። የሚችል ግን ባሕር ዐረብ የሚባለውን ቀይ ለስላሳ ቆዳ ያለብሰዋል። ደጓሹም ቆዳውን በገበታው ላይ ወጥሮ ካጣበቀ በኋላ፥ በእሳት የጋሉ ትንንሽ ብረቶችን እየተካ ያትምበታል፤ በዳር በዳሩ መስመር በመስመር ላይ፥ በመካከሉም መስቀል ያወጣበታል። በዚህ ድጕሰት ላይ ወርቅ የለም፥ ቀለምም የለም፤ ጌጡ ከእሳትና ከእጅ ክብደት ብቻ የተገኘ ነው። ብረቱ ከልክ በላይ ቢግል ቆዳው ይቃጠላል፥ ቢበርድም ምልክቱ አይጠልቅም። ልኩን የሚያውቀው እጅ ብቻ ነው፤ እጁም ያወቀው በብዙ ቆዳ ላይ ከደከመ በኋላ ነው።

መጽሐፉ በተከፈተ ጊዜ ደግሞ ሌላ ጌጥ ይገለጣል። ቆዳው ከውጭ ወደ ውስጥ ታጥፎ ሲጣበቅ በገበታው መካከል ባዶ ዕንጨት ይቀራል። ደጓሾች በዚያ ባዶ ቦታ ላይ ቁራጭ ጨርቅ ይለጥፉበታል፤ አንዳንዱ ጨርቅ የአገር ሸማ ነው፥ አንዳንዱም ከህንድና ከሌላ አገር በንግድ የመጣ፥ አበባ የተሣለበት ወይም በሐር የተሠራ ነው። በጥቂት መጻሕፍትም በዚያው ቦታ ትንሽ መስታወት ተቀርቅሮ ይገኛል። የባሕር ንግድ ታሪክ በግብር መዝገብ ብቻ የሚገኝ የሚመስለው ሰው በዚህች በመዳፍ በምትሸፈን መስኮት ውስጥ ሊያነበው ይችላል። ይህም ጌጥ መጽሐፉ ተዘግቶ ሳለ አይታይም፤ እንደ ደብተራ ኦሪት መጋረጃ የሚታየው ለማንበብ ለከፈተው ብቻ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ መጽሐፉ ከጠንካራ ቆዳ በተሰፋው ማኅደር ውስጥ ይገባል። ማኅደሩ ክዳንና የጠፍር ማንገቻ አለው፤ ካህኑ በመንገድ ያነግተዋል፥ በቤትም በግድግዳ በተተከለ ዕንጨት ላይ ይሰቅለዋል። ከመሬት ርቆ ስለሚንጠለጠልም እርጥበትና ምስጥ፥ አይጥም በቀላሉ አያገኙትም። መጽሐፍ እንዲህ ባለው ጥንቃቄ በገዳም ሲጠበቅ ስንት ዘመን ሊኖር እንደሚችል በዐድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም ያሉት ወንጌሎች ምስክር ናቸው። ብራናቸው በሳይንስ ተመርምሮ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዓመት ባለው ዘመን ውስጥ የተሠራ ሆኖ ተገኝቷል። ከእነርሱም የአንዱ ገበታ መስቀል ያለበት፥ በወርቅ የተለበጠ መዳብ ለብሷል፤ ከመዳቡ በታች ግን ተሸካሚው ያው ዕንጨት ነው።

በሰሌዳ ላይ የሚሣለው ሥዕልም አሠራሩ ከዚህ የራቀ አይደለም። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. በነገሡበት ዘመን የእመቤታችንን 33 በዓላት ሲያጸኑ ሥዕሏም በቤተ ክርስቲያን እንዲከበር አደረጉ፤ ከዚያም ወዲህ የማርያም ሥዕል በየገዳሙ በዛ። በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ የሚገኘው ሥዕል የሠዓሊውን የፍሬ ጽዮንን ስምና የንጉሡን የዘርዐ ያዕቆብን ስም በጽሑፍ ይዟል። የጥንት ሠዓሊዎች ስማቸውን የተዉልን ጥቂቶች ናቸውና ይህ ታላቅ ነገር ነው። ነገር ግን ሰሌዳውን የጠረበው፥ ጀሶውን የፈጨው፥ ሙጫውን የቀቀለው ሰው ስሙ በዚያ የለም።

የእነዚያም ስም የለሾች ሥራ እንዲህ ነበር። ጠራቢው ዋንዛ ወይም ወይራ መርጦ በፋስና በመሮ ያስተካክለዋል፤ ብዙ ጊዜም ጠርዙን ከፍ አድርጎ መካከሉን ዝቅ በማድረግ ክፈፉንና ሰሌዳውን ከአንድ ዕንጨት ያወጣቸዋል። ዕንጨቱ ርጥብ ሳለ ቢሣልበት በደረቀ ጊዜ ጠምዞ ሥዕሉን ይሰነጥቀዋልና ጊዜውን ጠብቆ ይደርቃል። ከዚያ በኋላ ጀሶ ተፈጭቶ፥ ከከብት ቆዳ ተቀቅሎ በወጣ ሙጫ ተለውሶ ይቀባል። ይህ ነጭ ቅብ ሁለት ጉዳይ ይፈጽማል፤ የዕንጨቱን ሻካራነት ደፍኖ እንደ ብራና ልሙጥ ያደርገዋል፥ በላዩ የሚመጣውንም ቀለም ከበታች ሆኖ ያበራዋል። ሙጫው ቢያንስ ቅቡ እንደ ዱቄት ይረግፋል፤ ቢበዛም እየተሰነጠቀ ይላጣል። ሠዓሊው ገና ብሩሹን ሳያነሣ የሥዕሉ ዕድሜ በዚህ ሙጫ ልክ ተወስኗል።

ቀለሙም ከቅርብና ከሩቅ የተሰበሰበ ነበር። ጥቁሩ ከጥላሸትና ከከሰል፥ ደብዛዛው ቀይና ቢጫ ከአገሩ አፈር ይገኛል። ደማቁ ቀይ ከባዜቃ ማዕድን፥ ደማቁ ቢጫ አርሴኒክ ካለበት ድንጋይ፥ ሰማያዊውም ከኒል ይሠራል። እነዚህ ደማቅ ቀለሞች ውድ ነበሩ፤ ከእነርሱም አንዳንዱ መርዝ ነው። የእመቤታችን መጐናጸፊያ እንዲያ ያማረው በገንዘብ ብቻ ሳይሆን ቀለሙን በሚፈጨው ሰው ትንፋሽም ጭምር ነው።

ከሰሌዳ ሥዕሎች መካከል ሣጥንነቱ ፈጽሞ የሚታየው ደጅ ያለው ሥዕል ነው። ይህ ሥዕል ሁለት ወይም ሦስት ክፍል ሆኖ በጠፍር ወይም በገመድ ይያያዛል፤ ሲዘጋ የዕንጨት ሣጥን ይመስላል፥ በውጩም መስቀልና ሐረግ ይቀረጽበታል። በጸሎት ጊዜ ሲከፈት መካከሉ ላይ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ፥ በግራና በቀኝ ሐዋርያትና ሰማዕታት፥ ቅዱስ ጊዮርጊስም በነጭ ፈረሱ ይታያሉ። ከዚህ ዐይነት አንዳንዱ በአንገት የሚንጠለጠል ትንሽ ነው፤ ሌላው ግን ሰው ለብቻው የማይሸከመው ነው። በሌላ ሣጥን ውስጥ የሚቀመጥ ዕቃ አለ፤ የዚህ ሣጥን ኀዳሪ ግን የገዛ ውስጡ ነው። መዘጋቱም ጌጡን ከጢስና ከአቧራ ይጠብቃል፤ ደግሞም የከበረ ነገር ሁልጊዜ ተገልጦ አይኖርም የሚለውን ትምህርት ያለ ቃል ያስተምራል።

ከመጽሐፍና ከሰሌዳ ወደ ቤተ መቅደሱ ቢገባ ያው ሥርዐት ይገኛል። ታቦቱ የሚያርፍበት መንበር ከዕንጨት የተሠራ፥ እግርና ገጽ ያለው ነው። በላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት የንጉሥ ላሊበላ ስም የተቀረጸባቸው የዕንጨት መንበሮች አሉ፤ ከ12ኛውና ከ13ኛው መቶ ዓመት ሲያያዝ የመጣውን የጠራቢዎች ጥበብ ያሳያሉ። በኋላ ዘመንም በየገጻቸው መላእክትና ቅዱሳን የተሣሉባቸው መንበሮች ተሠርተዋል። ሕዝቡ ግን እነዚህን ሥዕሎች አያያቸውም፤ ከመጋረጃው በስተ ውስጥ ናቸውና። ሠዓሊው ለካህናት ብቻ በሚታይ ገጽ ላይ ያን ያህል መድከሙ የሙሴን ሣጥን የውስጥ ወርቅ ያስታውሳል።

ክብ ሆነው በተሠሩት አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ የመቅደሱ ግድግዳ ራሱ ትልቅ ሣጥን ነው። በጐንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቅርጹ ክብ ባይሆንም፥ በጣና ዳር በዘጌም በኡራ ኪዳነ ምሕረት፥ በግድግዳው ላይ የሚታየው ሥዕል የተሣለው በጥጥ ጨርቅ ላይ ነው፤ ጨርቁም በግድግዳው ላይ ተለጥፏል። የዚህ ጥበብ ምክንያቱ ግልጥ ነው። ከጭቃና ከጭድ የተለሰነ ግድግዳ በደረቀ ጊዜ ይሰነጣጠቃል፤ ቀለም በላዩ ቢቀባ አብሮት ይሰነጠቃል። ጨርቁ ግን ከአንዱ ስንጥቅ ጫፍ ወደ ሌላው እንደ ድልድይ ሆኖ ያልፋል። የዘይት ሸራ በማይታወቅበት ዘመን ሸማኔው ለልብስ በሠራው ሸማ ሠዓሊው ቤተ ክርስቲያንን አለበሳት። ጠላቱ ውሃ ነው፤ የሣር ክዳኑ ቸል ተብሎ ዝናብ ቢያንጠባጥብ ሙጫው ይለቃል፥ ጨርቁም ከነቅዱሳኑ ይወርዳል። ስለዚህ የሥዕል ጥበቃ የሚጀመረው ከጣራ ነው፤ ሣር የሚከድነውም ሰው ከሠዓሊው ጋር ይቈጠራል።

በዚህ ሥራ ውስጥ ስንት እጅ እንዳለበት ለተመለከተ አንድ አሳዛኝ ነገር ይገጥመዋል። ሕዝበ ክርስቲያኑ ወንጌሉን ሲሳለም ከንፈሩ የሚያርፈው በቆዳ ላይ ነው። ያን ቆዳ ያለፋው ፋቂ ግን በብዙ አገር የተናቀ ነበር፤ ማኅበር አይጠጣም፥ ከጨዋ ልጅም ጋር አይጋባም ነበር። የደጓሹን ብረት የቀጠቀጠው ጠይብ ቡዳ ተብሎ ይፈራ ነበር። ጨርቁን የሠራው ሸማኔም በሥራው ይሰደብ ነበር። እጁ ይሳለማል፥ ሰውየው ይናቃል፤ ማኅደሩ ይከበራል፥ ማኅደሩን የሰፋው ከደጅ ይቀመጣል።

ይህ ልማድ ከመጽሐፍ የተገኘ አይደለም። ጌታ በናዝሬት ጠራቢ ተብሎ ተጠርቷል። ቅዱስ ጳውሎስ ድንኳን እየሰፋ በእጁ ሥራ ይኖር ነበር። ሐዋርያው ጴጥሮስም በኢዮጴ ብዙ ቀን ያደረው በቁርበት ፋቂው በስምዖን ቤት ነው። አሕዛብን ርኩስ እንዳይል የተማረበትን ራእይ ያየው በዚያው ቤት ሰገነት ላይ መሆኑ በከንቱ አይደለም፤ በአይሁድ ዘንድ የተናቀ ሥራ በሚሠራ ሰው ጣራ ሥር ያደረ እርሱ አስቀድሞ ግማሹን ትምህርት ተምሯልና። ዐፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው የሚሰድብ እንዳይኖር በዐዋጅ ከለከሉ። ዐዋጁ መልካም ነበር፤ ነገር ግን ንቀት በዐዋጅ በአንድ ቀን አይነቀልም። ሥራው የሚያሰድብ ከሆነ አባት ለልጁ አያስተምረውም፥ ልጅም ከአባቱ አይቀበለውም። ከጥበቡ ብዙው የጠፋው ከጦርነት እሳት ይልቅ በዚህ ዝምተኛ መንገድ ነው።

የጦርነቱ እሳትና የዘራፊው እጅም የየራሳቸውን ወስደዋል። ዐፄ ናዖድ ጀምረው ዐፄ ልብነ ድንግል የፈጸሙት መካነ ሥላሴ በወርቅና በብር ልባጥ፥ በዕንቍም ያጌጠ ነበር፤ በ1524 ዓ.ም. የግራኝ አሕመድ ጦር ደርሶ ወርቁን ልጦ ወሰደ፥ ቤቱንም አቃጠለ። ወርቁ ከዕንጨቱ ተለይቶ ዋጋ አለውና ተልጦ ሄደ፤ ዕንጨቱ ዋጋ የለውምና ነደደ። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ዐፄ ቴዎድሮስ ካለፉ በኋላ የእንግሊዝ ጦር መጻሕፍትንና ታቦታትን፥ መስቀልንና አክሊልን ወሰደ፤ 350 ያህል መጻሕፍትም በለንደን ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ።

የጐንደሩ የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ግን ከእነዚህ ሁሉ የሚለይበት ነገር አለው። ይህች ቤተ ክርስቲያን ከ1660 እስከ 1674 ዓ.ም. በነገሡት በጻድቁ ዮሐንስ የተሠራች ናት፤ ሥዕሎቿም በጨርቅ ላይ ተሥለው በግድግዳዋ ተለጥፈው ነበር። በፈረንሳዊው በማርሴል ግሪዮል የሚመራው የምርምር ጓድ ከ1924 ዓ.ም. ክረምት እስከ 1925 ዓ.ም. ኅዳር በጐንደር በተቀመጠ ጊዜ ጨርቁን ከግድግዳው ልጦ ወሰደው። በምትኩ ጋስቶን ሉዊ ሩ የተባለ የጓዱ ሠዓሊ ቅጂውን ሥሎ በቦታው አደረገ። ጥንታዊው ሥዕል ወደ ፓሪስ ሄደ፤ ዛሬም በኬ ብራንሊ ሙዚየም ይገኛል። በዚህ ሥራ ሥዕሉ አልጠፋም፥ እንዲያውም ከዝናብና ከምስጥ ድኗል የሚል ይኖራል። እውነትም ቀለሙ ድኗል። ነገር ግን ያ ጨርቅ የመቅደስ ልብስ ነበር፤ ልብስ ከአካሉ ሲገፈፍ ልብስነቱ ይቀራል፥ ዐላባሽም ይሆናል። በጐንደር የቀረው ግድግዳ ደግሞ የባዕድ እጅ ልብስ ለበሰ። የፓሪስ ተመልካች ኀዳሪ የሌለውን ማኅደር ያያል፤ የጐንደር ምእመን ደግሞ ማኅደሩን የለወጠ ኀዳሪን ይሳለማል። ሁለቱም ከሙሉው ግማሹን አጡ።

በዚህ ተቃራኒ በ1994 ዓ.ም. የሆነው ነገር መጽናናት ይሰጣል። ከመቅደላ ከተወሰዱት አንድ ታቦት በስኮትላንድ በኤዲንበርግ ከተማ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ ብዙ ዘመን ተቀምጦ ነበር። የዚያ ቤተ ክርስቲያን ካህን ምንነቱን ዐውቆ አወጣው፤ ታቦቱም ወደ አዲስ አበባ ተመልሶ ሕዝቡ በእልልታና በዝማሬ ተቀበለው። ያ ቁም ሣጥን ጌጥ አልነበረውም፤ የከፈተውም ሰው ያደነቀው ጥርቡን አይደለም። በውስጡ ማን እንዳደረ ስላወቀ ብቻ ባዕዱ ዕቃ ወደ ቦታው ተመለሰ። ዕውቀት ያለው ባዕድ ዕውቀት ከሌለው ባለቤት የሚሻልበት ጊዜ እንዳለ ከዚህ ይታወቃል።

በአገር ውስጥ ያለው አደጋ ከባሕር ማዶው አያንስም። ለእንግዳ የሚሸጥ ሥዕል ሠሪው ጀሶውን በስሱ ቀብቶ፥ ቀለሙን ከሱቅ ገዝቶ፥ ሲጨርስ በጢስ አጥቍሮ የጥንት ያስመስለዋል። የጸሎት መጽሐፍ በቆዳ ማኅደር ፈንታ ዚፕ ያለው የፕላስቲክ ልባስ ይለብሳል። አንዳንድ ደብር ደግሞ የአባቶች ሥዕል ደበዘዘ ብሎ በዘይት ቀለም ላዩን ያስቀባዋል፤ የቀባውም ሰው እንዳደሰው ይመስለዋል። ከፍትፍቱ ፊቱ እንደሚባለው ላዩ ያምራል፤ ነገር ግን አዲሱ ቀለም ከበታቹ ካለው ቅብ ጋር ባሕርዩ ስለማይስማማ፥ ሲላጥ አሮጌውን ይዞት ይወርዳል። ድሀው መጽሐፍ ገበታውን ራቁቱን ይዞ ብዙ መቶ ዓመት ኖረ፤ ሀብታሙ ቅብ ግን መሠረቱን ስላልጠየቀ ሃያ ዓመት አይቈይም።

ሙዚየም መልካም ነገር ነው። በ1955 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲው የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ብዙ የሰሌዳ ሥዕሎችን ሰብስቦ ከጥፋትና ከስርቆት አድኗል፤ ሊቃውንትም በእነርሱ ላይ ተመራምረው ስለ ዕንጨቱና ስለ ጀሶው፥ ስለ ቀለሙም ብዙ ዐውቀዋል። ሆኖም ሙዚየም የሚጠብቀው ሥራውን ነው፤ እጁን ሊጠብቅ አይችልም። እጅ የሚጠበቀው በማስተማር ነው። በየአብነት ትምህርት ቤቱ ዜማና ቅኔ፥ መጻሕፍትም ሲተረጐሙ፥ መጻሕፍቱ የሚያድሩበትን የሚሠራ ሰው ከትምህርት ቤቱ ውጭ ሆኖ ኖረ። ብራና የሚዳምጡና መጽሐፍ የሚደጕሱ እጆች ዛሬም ፈጽመው አልጠፉም። በየደብሩ አንድ ደጓሽ፥ አንድ ብራና ዳማጭ፥ አንድ ጠራቢ እንደ መሪጌታው ወንበር ተዘርግቶለት ቢያስተምር፥ የሚወጣው ወጪ ለአንድ ዓመት የዘይት ቀለም ከሚወጣው ብዙ የሚበልጥ አይሆንም።

ጌታ ጻፎችንና ፈሪሳውያንን ሲገሥጽ በኖራ የተለሰኑ መቃብሮች ብሎ ጠርቷቸዋል። መቃብርም ቅብ አለው፥ ጌጥም አለው፤ ውስጡ ግን የሙታን ዐፅም ነው። የሙሴ ሣጥንና የፈሪሳውያን መቃብር በውጭ ገጻቸው ሁለቱም ያማሩ ናቸው፤ የሚለዩት በውስጥ ነው። ቤተ ክርስቲያን ከሁለቱ በየትኛው ምሳሌ እንደምትሠራ የሚታወቀው በሚያብረቀርቀው ቅብ አይደለም፤ ከቅቡ በታች ባለው በጀሶው፥ ከጀሶው በታች ባለው በዕንጨቱ፥ ዕንጨቱንም ለጠረበው ሰው በምትሰጠው ቦታ ነው። ባስልኤልና ኤልያብ ስማቸው በኦሪት ከሙሴና ከአሮን ስም ጋር ተጽፎ ይነበባል።